የግቢው ውሻ

«የሱ አይደለም ብያቸዋለሁ እኮ። እዚያው፣ እለቱን ነው የነገርኳቸው።»

ሔለን ይህን ያለችው ኩሽና ውስጥ ሆና ለባሏ ለኢዮኤል ነው። አጎቷ ጋሼ ዓለምሰገድ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝተዋል፤ ተኝተዋል ተብሎ ይታሰባል ማለት ይሻላል። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው በዚህ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ሳሎኑንና ኩሽናውን የሚለየው አንድ ባንኮኒ ብቻ ነው፤ ኪራዩ ግን ሁለት ሺህ ዶላር ሊደፍን ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ በየጠዋቱ አንድ ትያትር ይሠራል። ባልና ሚስቱ አዛውንቱ እንዳይነቁ በእግር ጣታቸው ይራመዳሉ፣ ማንኪያ እንዳይንኳኳ ይጠነቀቃሉ። አዛውንቱ ደግሞ ከነሱ ቀድመው ነቅተው፣ ልጆቹ ሻያቸውን በነፃነት ይጠጡ ብለው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁለቱም ወገን እውነቱን ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ኮረብታዎቹ ላይ እሳቱ ከተነሣ ወዲህ፣ ይኸው ከወር በላይ፣ እንዲህ ነው የኖሩት።

«ታዲያ አሁን ምን ሆነ ነው የሚሉሽ?» አለ ኢዮኤል።

«ሼልተሩ፣ የእንስሳት ማቆያው፣ ናቸው የደወሉት። ውሻውን ሆልድ አድርገው የሚያቆዩበት ጊዜ አልቋል፤ ዛሬ ከሰዓት አዶፕት የምታደርገው ሴትዮ መጥታ ትወስደዋለች። ግን አይበላም አሉ። ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ ወይ ነው የሚሉኝ። እኔ ምን አውቄ?»

«ለጋሼ ንገሪው።»

«ምን ብዬ? የግቢው ባለቤት ወስዶታል ብዬዋለሁ እኮ።»

 ጋሼ ዓለምሰገድ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሁሉንም ሰሙ። ኢዮኤል ወጣ። ሔለን ለሥራ ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው የሻዩን ቴርሞስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዳቦውን በሳህን ሸፈነች፣ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መልሳ እግራቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ተነሥቶ መጣላት ይቻል ነበር።

የተወራለት ውሻ መከታ ይባላል። ጋሼ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ወደዚህ የመጡት። በእህታቸው ልጅ ሶፋ ላይ መጦር አልዋጥላቸው ስላለ፣ ከከተማው በስተሰሜን ካሉት ኮረብታዎች ሥር አንድ የፈረስ ማደሪያ ግቢ ውስጥ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ባለፈረሶቹ ቅዳሜና እሑድ መጥተው ጋልበው ይሄዳሉ፤ በተረፈው ቀን ግቢው የጋሼ ዓለምሰገድ፣ የፈረሶቹና የውሻው ነው። መከታ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ቡችላ ሆኖ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፣ የሚያበሉትም እሳቸው። ወደሚኖሩባት ባለ ጎማ ቤት፣ ወደ ትሬለሯ፣ ግን አንድም ቀን አስገብተውት አያውቁም፤ ውሻ ቦታው ደጅ ነው። እሱም ነገሩ ገብቶት ከመወጣጫው ደረጃ ሥር ይተኛል። ሌሊት ወገባቸውን ሲያማቸውና ሲያቃስቱ ከታች ሆኖ ወለሉን በጅራቱ ይመታል። ምግባቸው ደግሞ አንድ ነው። በፍስክ ቀን አጥንት፣ ረቡዕና ዓርብ እንጀራ በምስር። ሑዳዴን ጾሟል፣ ፍልሰታን ጾሟል፣ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ስድስት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ «ውሻህ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ቢኖር ኖሮ «የግቢው ነው» ይሉት ነበር። ባደጉበት ሰፈር ውሻ የሰው አይባልም፤ የእነ እገሌ ግቢ ውሻ ነው የሚባለው። ቤቱ ቢሸጥ፣ ባለቤቱ ቢሞት፣ ውሻው ከግቢው ጋር ይቀራል። ይህ ማለት አይወዱትም ማለት አይደለም፤ ወሬው እንዲህ ነው የሚወራው።

የሚጠይቅ ሰው የመጣው እሳቱ የተነሣ ዕለት ነው። ነፋሱ ከኮረብታው እየወረደ ሰማዩን አቅልቶት ነበር። ጋሼ ዓለምሰገድ የጋጣዎቹን በሮች አንድ በአንድ ከፍተው ፈረሶቹን ለቀቁ፤ ወደ ትሬለሯ ተመልሰው መታወቂያቸውን ሊያወጡ ሲሉ መከታ ሱሪያቸውን ነክሶ ወደ ግቢው በር ጎተታቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሁለቱንም ጭነው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አደረሷቸው። ጂምናዚየሙ ውስጥ ለሰው አልጋ ተዘርግቷል። ከጎኑ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በድንኳን ሥር ለውሻና ለድመት፣ ለበቀቀን ሳይቀር፣ የየራሱ የሽቦ ቤት ተደርድሯል። ጭሱ የጋሼ ዓለምሰገድን ድምፅ ወስዶት ነበር። አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው፣ የመከታን ገመድ ይዘው ደጁ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሔለን ከሥራዋ እየበረረች ደረሰች። «ይህን ሰውዬ ማን ነው የሚወስደው?» ሲሏት «የኔ ነው፣ አጎቴ ነው» ብላ እንባዋ እየወረደ ፈረመች። ይህችን ያህል እንግሊዝኛ ለጋሼም አትጠፋቸውም፤ ሰምተው ልባቸው ሞቀ። ቀጥሎ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ወደ ውሻው እየጠቆመ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ውሻው ያንተ ነው ወይ ይሉሃል።»

«የግቢው ነው» አሉ፣ በሌላቸው ድምፅ።

እሷም የሱ አይደለም፣ የግቢው ነው ብላ መለሰች፣ የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠች፣ አጎቷን ይዛ ሄደች። አጎቷ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ የሚያወሩላት ስለ መከታ ነው። ግን የአፓርታማው ውል ውሻ አይፈቅድም፣ ሶፋውም አንድ ነው። የሰማችው ቃል ከጭንቅ ገላገላት፤ ስለዚህ ሌላ አልጠየቀችም።

ቤቱ ጭር ሲል ጋሼ ዓለምሰገድ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡና ወልዴ ጋ ደወሉ። ወልዴ በታክሲ ሽበት ያበቀለ፣ አሁን ደግሞ ኡበር የሚነዳ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ነው። ለነገሩ ሽበት ቢያበቅልም ከሳቸው ስለሚያንስ አንቱታውን አልተወም። መኪናውን ፌርፋክስ ላይ አቁሞ ሲጠብቃቸው፣ እሳቸው የሮማን ምግብ ቤት ገቡ። ሮማን ወንበሮቹን ከየጠረጴዛው ላይ እያወረደች ነበር። የፈረንጆቹ ገና አልፎ የኛው ሊደርስ ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ዕለቱም ዓርብ ነው። አንድ እንጀራ በምስር እንድትጠቀልልላቸው ጠየቁ።

«ለሚወሰድ ነው ጋሼ? ማን ታመመ?»

«አልታመመም። መብላት እምቢ ብሎ ነው።»

«ውይ፣ እግዜር ይማረው» አለችና ጎመንም ጨመረችበት። አሥራ አራት ዶላሩን ስትቀበል አንዱን መለሰችላቸው። ጋሼ ዓለምሰገድ ለማን እንደሆነ ለመናገር አፍ አልነበራቸውም። ለውሻ ከምግብ ቤት እንጀራ ገዛ ተብሎ በዚህ ጎዳና ላይ ከሚወራ መሞት ይሻላል። ወልዴ ግን በፎይል የተጠቀለለውን አይቶ ሁሉም ነገር ገባው።

«ለሱ ነው?»

«ለሱ ነው። ዓርብ አይደል።»

ወልዴ ሳቅ ሊል ሲል ፊታቸውን አየና ተወው። ፍሪዌዩ ላይ እንደወጡ ስለ ሕጉ ያወራላቸው ጀመር፤ ሰውየው መሪ ይዞ ሬዲዮ ሲሰማ ስለሚውል የማያውቀው ሕግ የለም። «ያኔ ሉዊዚያና ውስጥ በዚያ በትልቁ ጎርፍ ጊዜ ጋሼ፣ ውሻችንን ትተን ጀልባ ላይ አንወጣም ብለው ስንት ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። ከዚያ ኮንግረስ ሕግ አወጣ። ሶ፣ ከተማው ሰውን ከአደጋ ሲያሸሽ፣ ኢቫኩዌት ሲያደርግ፣ እንስሳውንም ፕላን ውስጥ ማስገባት አለበት። ያ ትምህርት ቤት ያዩት ድንኳን እኮ ዝም ብሎ የተተከለ አይደለም።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አሉ ጋሼ ዓለምሰገድ።

«ጥሩ ነው። ግን ባለቤት ይላል። የትም ቢሄዱ የሚጠይቅዎት ባለቤቱ ማን ነው ብሎ ነው።»

ጋሼ ዓለምሰገድ ፊታቸውን አዞሩ። በመስኮቱ የጠቆረውን ኮረብታ ሲያዩ ቆዩ። ዝናብ ገና አልዘነበም፤ አመዱ እንዳለ ነው። ግቢው ያለበትን አቅጣጫ ፈለጉት፣ አላገኙትም።

ሼልተሩ ከመጋዘኖች መሐል ያለ ረጅም ሕንፃ ነው። ደጃፉ ላይ የውሾች ፎቶ ተለጥፏል፣ በየፎቶው ሥር ስም አለ። መከታም አለ፤ ስሞኪ ብለውታል። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ሠራተኛ ሉፔ ትባላለች፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ወልዴ እየተረጎመ ነገሩን ሲያስረዳት በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ ጠየቀች። ላይሰንስ፣ የከተማው ፈቃድ፣ አለው? የለውም። የክትባት ወረቀት? የለም። ከቆዳው ሥር የሚቀበር ቺፕ? ቺፕ ምን እንደሆነ ወልዴ ራሱ ማስረዳት ነበረበት። አብረው የተነሡት ፎቶ? ጋሼ ዓለምሰገድ ወልዴን አዩት። ከውሻ ጋር ፎቶ የሚነሣ ማን ነው? ሉፔ አልተቆጣችም፣ ይህም ይብስ ያሳፍራል። የግቢው ባለቤት ጋ ደውለው እንደነበር ነገረቻቸው፤ እኔ ውሻ የለኝም ብሏል። ግቢው ከሌለ ዘበኛም አያስፈልግም ብሎ ጋሼ ዓለምሰገድንም በስልክ ያሰናበተው ያው ሰውዬ ነው። ግቢው አልፈልግም ካለ፣ ዘበኛው የኔ አይደለም ካለ፣ ውሻው ባለቤት የሌለው ሆነ ማለት ነው። ሕጉ የሰጠውን ጊዜ ጠብቀውታል። እስከዚያ ድረስ የተቃጠለ መዳፉን አክመውለታል፣ ከትበውታል፣ አጥበውታል። ጋሼ ዓለምሰገድ ይህን ሲሰሙ የተናደዱበት ሁሉ ከውስጣቸው ጠፋ። እሳቸው በስድስት ዓመት አንድም ቀን ለሐኪም አላሳዩትም።

የምትወስደው ሴትዮ ቀድማ ደርሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዳያን ትባላለች፤ ሥልሳውን ያለፈች፣ እጇ ላይ አዲስ ቀይ ገመድ የያዘች። ያ እሳት በተነሣ ዕለት ሥራ ላይ ነበረች። ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትሮጥ መንገዱ ተዘግቶ ፖሊስ አላሳልፍ አላት፤ ውሻዋ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ይህን ለወልዴ የነገረችው እንባ ሳታወጣ፣ ብዙ ጊዜ ተናግራው እንደለመደችው ነው። ጋሼ ዓለምሰገድ ሲተረጎምላቸው «እግዜር ያጥናት በላት» አሉ። ወልዴም አንድ ነገር አላት፤ እሷ አንገቷን ነቀነቀች።

መከታን አመጡት። ከስቷል። ፀጉሩ እንዲህ የሚያብረቀርቅ መሆኑን ጋሼ ዓለምሰገድ አያውቁም ነበር። ስሙን ጠሩት፣ ጮክ ሳይሉ። አልዘለለም፣ አልጮኸም። ዝም ብሎ መጣና እሳቸው ከተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሥር ገብቶ ተኛ፣ ልክ ከደረጃው ሥር እንደሚተኛው። ከዚያ ወለሉን በጅራቱ መታ። ሉፔ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ፎይሉን ሲፈቱ ግን ቀረብ ብላ አሸተተችና ሽንኩርት አለው ወይ አለች። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ አይፈቀድም። ጋሼ ዓለምሰገድ ደነገጡ። ስድስት ዓመት መርዝ ሳበላው ነው የኖርኩት ወይ ብለው ወልዴን ጠየቁት፤ ወልዴም «እርስዎም ሲበሉት ነው የኖሩት» አላቸው። ምስሩ ያልነካውን የእንጀራውን ጠርዝ እየቆረሱ ሰጡት። መከታ ከእጃቸው ላይ ቀስ እያለ በላ። ሌላ ቆረሱለት፣ ያንንም በላ።

ዳያን ቀዩን ገመድ ጭኗ ላይ ጠቀለለችው። «የእሱ ነው» አለች። «ይውሰደው።»

ሉፔ ወረቀቱን አየች። ገና አልተፈረመም፤ ሴትዮዋ ከተወችው መስጠት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ውሻ የሚፈቀድበት አድራሻ። የት ነው የሚኖሩት?

ወልዴ ይህን ተረጎመላቸው። ከዚያም «የኔ ክፍል ኮሪያታውን ነው ጋሼ፣ አራት ሆነን ነው የምንኖረው። ያውቁታል» አለ፣ ጫማውን እያየ። ጋሼ ዓለምሰገድ ስልካቸውን አወጡ። ሔለን ሆሊውድ አንድ ሆቴል ሥር መኪና ማቆሚያው ላይ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ቶሎ አነሣች።

«ጋሼ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። መከታ ጋ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ የክፍያ ማሽኑ ድምፅ፣ የመኪና ጎማ ጩኸት ተሰማ። 

«ሊወስዱት ነው» አሉ። «ቤት አለህ ወይ ይሉኛል።»

«ጋሼ… ሊዙ ላይ፣ ውሉ ላይ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«ኢቪክት አድርገው ያስወጡናል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።» አንድ ነገር ትጨምር እንደሆነ ጠበቁ። እንጠይቃቸው፣ ወይ ሌላ ቤት እንፈልግ፣ ወይ ምን ይሻላል ብትል እንኳ በቂ ነበር። ትንፋሿ ይሰማል። «በይ ሥራሽን ሥሪ» አሉና ዘጉት።

ከዚያ ፎይሉን አጥፈው ወደ ዳያን ዞሩ። ወልዴ ይተረጉማል። ከአንድ ነገር ሥር ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም በላት። ነጎድጓድ ይፈራል በላት። ወፍራም ሰው ላይ ይጮኻል፣ አይነክስም በላት። ዳያን አልጋ ላይ ይተኛል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ጋሼ ዓለምሰገድ አፈሩና እሱ እንደፈለገ ይሁን አሉ። ስሙን ጠየቀች። መከታ አሏት። መካታ አለች። ደግመው አሏት፣ ደገመች፣ እስክትይዘው አልተዉአትም።

«ጾሙን ደግሞ ፈትቼለታለሁ በላት።»

ወልዴ ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚለው ቸገረው። «ሥጋ ይወዳል» ብሎ ተረጎመ።

ዳያን ፈረመች። ውጭ ሲወጡ መከታ ከመኪናዋ በር ላይ ቆመና አልገባም አለ። ገመዱን ብትስብ ተቀመጠ፤ ብትለምነው ፊቱን ወደ ጋሼ ዓለምሰገድ አዞረ። ሉፔ ልርዳሽ አለች። ጋሼ ዓለምሰገድ ተዉት ብለው የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡና ተቀመጡ። መከታ ግራ ተጋባ። ሰውየው ውስጥ ሲገባ እሱ ውጭ መቅረትን ነው የሚያውቀው። «ና» አሉት፣ ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ አድርገው። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለውት አያውቁም። መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ከዚያ ሁለተኛውን አስገባና አገጫቸውን አሸተተ፣ ጭናቸው ላይ ጋደም አለ። ራሱን ዳበሱት። ከባድ ነበር፣ ሞቃት ነበር። ጥቂት አብረው ተቀመጡ። ከዚያ ዳያን በዚህ በኩል ገመዱን ስትይዝ እሳቸው በወዲያኛው በር ወጥተው ዘጉት። መስኮቱን ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። ወልዴ መኪናው ውስጥ ሬዲዮውን አልከፈተም፣ ጋሼ ዓለምሰገድም እስከ ፌርፋክስ ድረስ በአውራ ጣታቸው ከሱሪያቸው ላይ ፀጉር ሲለቅሙ መጡ።

ሔለን ስትመጣ ቤት ተቀምጠው ነበር፣ መብራት ሳያበሩ። አበራች። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ የጾም ምግብ አሞቀች፣ ሁለት ሳህን አቀረበች። ኢዮኤል ማታም ሥራ አለው። በሉ፣ ማለት ቆረሱ። ሽሮው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

«ወሰዱት?» አለች በመጨረሻ።

«ሰጠሁት። ጥሩ ሴትዮ ናት።»

«ጋሼ፣ መዋሸት አልነበረብኝም። ግን ያን ቀን… አንተ ራስህ ነህ እኮ የግቢው ነው ያልከው። እኔ ያልከውን ነው የነገርኳቸው።»

«ብያለሁ። በዚያ አልዋሸሽም፣ ብያለሁ።» እንጀራውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። «እኔስ ያን ቀን የማን ነበርኩ ሔሉዬ? እኔም የግቢው ነበርኩ። ሥራዬም፣ ቤቴም፣ ስሜም የግቢው ነበር። ደግሞ አንቺ መጣሽና የኔ ነው አልሽ። ሰማሁሽ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ እንደሱ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ያንኑ ቃል አንድ ጊዜ ብትደግሚው ምን ነበረበት?»

ሔለን ተነሣች። ሳህኖቹን አነሣች፣ ውኃውን ከፈተች፣ ብዙ ጊዜ ሳትዘጋው ቆየች። ሲመሽ ብርድ ልብሱን ይዛ መጣችና እንደ ሁልጊዜው እግራቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ወትሮ ይህን ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍኑላት ነበር፣ እሷም እንደተኙ ቆጥራ ትሄድ ነበር። ዛሬ አልጨፈኑም። ሔለን የብርድ ልብሱን ጫፍ እንደያዘች ቆመች፤ እሳቸውም ዓይን ዓይኗን አዩዋት።